ኮኬይን የሚሉት ነገር ከየት መጣ?

 

እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተምሬ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ቀን ከልጆች ጋር እውላለሁ። ማታ ደግሞ ለጎልማሶች ፊደል አስቆጥራለሁ። የዛሬውን ንግግር ያመጣው ከማታ ክፍሌ የተነሣ አንድ ጥያቄ ነው።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ጉሊት ይነግዳሉ። ትምህርት ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አንድ ማታ ደብዳቤ ይዘው መጡ። የእኅታቸው ልጅ ከሰው አገር እስር ቤት የጻፈው ነው።

«አንብብልኝ ልልህ አይደለም የመጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ። «ራሴ አንብቤዋለሁ። አንድ ቃል ላይ ግን ቆምኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ኮ፣ ኬ፣ ይ፣ ን። ኮኬይን። ልጁን ያሳሰረው ይኸ ነው። ምንድነው እሱ? ጠብመንጃ ነው? ወርቅ ነው?»

ጠብመንጃም ወርቅም አይደለም አልኳቸው። ዱቄት ነው። አደንዛዥ ዕፅ ነው። እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም። «ዱቄት እንዴት ሰው ያሳስራል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሁለት ቃል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እንግዲህ መልሱን ከሥሩ ልንገራችሁ። ታሪኩ የውጭ አገር ታሪክ ስለሆነ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅጠል ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ የሚባሉ ረጃጅም ተራሮች አሉ። ፔሩና ቦሊቪያ የሚባሉት አገሮች የሚገኙት እዚያ ነው። በነዚህ ተራሮች ተዳፋት ላይ ኮካ የሚባል ቁጥቋጦ ይበቅላል። (ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ ሌላ ነው፤ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ አይገናኙም።) የአገሩ ሰው የኮካን ቅጠል ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ሲያኝክ ኖሯል። ቅጠሉን ጉንጩ ውስጥ ይይዘዋል። ጥቂት ኖራ ወይም አመድ ይጨምርበታል። ውኃውን ቀስ እያለ ይውጣል። ቅጠሉ ረሃብ ያስታግሳል፣ ድካም ያስረሳል፣ በከፍተኛ ቦታ ላይ የሚመጣውን ራስ ምታት ያቀልላል። እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል። ለሠርግም ለለቅሶም አይጠፋም። ጫት በሚቃምበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱ ዕፀዋት ግን ዘመድ አይደሉም፤ በውስጣቸው ያለውም ነገር ይለያያል።

በ1532 እስፓኞች ፔሩ ገቡ። አገሩን በጦር ያዙ። በ1545 ደግሞ ዛሬ ቦሊቪያ በሚባለው አገር፣ ፖቶሲ በተባለ ቦታ፣ ብር የሞላበት ተራራ ተገኘ። የተራራው ከፍታ ከእኛ ከራስ ዳሸን ይበልጣል። ብርዱንና የአየሩን ማነስ ገምቱት። ብሩን ከመሬት ሆድ የሚያወጣው ማን ነው? የአገሩ ገበሬ ነው። ከ1573 ጀምሮ ሰዎች ከየመንደራቸው በተራ እየተመለመሉ በግድ ወደ ጉድጓዱ ይላኩ ነበር። ማዕድን ቆፋሪው ጉንጩን በኮካ ሞልቶ ይገባል። ሆዱ ባዶ ሳለ ቅጠሉ ያቆመው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከእስፓኝ ካህናት አንዳንዶቹ ቅጠሉ የጣዖት አምልኮ ነው ብለው ሊያስከለክሉት ፈልገው ነበር። አልሆነላቸውም። ያለ ቅጠሉ ቆፋሪው አይሠራም። ቆፋሪው ካልሠራ ብር የለም። ስለዚህ ቅጠሉ ተፈቀደ፣ ግብርም ተጣለበት። ለቆፋሪዎች ኮካ የሚያቀርቡ ነጋዴዎችም ከበሩ። ቅጠሉ ግን ምግብ አልነበረም። ረሃቡን አስረሳ እንጂ ሆዱን አልሞላም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቅጠል ነው። ወደ ዱቄቱ እንሂድ።

በ1860 አልበርት ኒማን የተባለ የጀርመን ወጣት የኬሚስትሪ ተማሪ የቅጠሉን ኃይል ከቅጠሉ ለይቶ አወጣ። ነጭ ዱቄት ሆነ። ስሙንም ኮኬይን አለው። በደረቅ የኮካ ቅጠል ውስጥ ያለው ኮኬይን ከመቶ እጅ አንድ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ እፍኝ ዱቄት ማለት የብዙ ኪሎ ቅጠል ኃይል ማለት ነው። ጠላና አረቄን ታውቃላችሁ። የሁለቱም መነሻ እህልና ጌሾ ነው። አንድ ዋንጫ ጠላ የጠጣ ሰውና አንድ ዋንጫ አረቄ የጠጣ ሰው ግን እኩል አይራመዱም። በቅጠሉና በዱቄቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም እጅግ ይበልጣል።

ዱቄቱ በሰው ላይ ምን ይሠራል? አእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የደስታ መልእክተኛ በሉት። የናፈቅነው ሰው ሲመጣ፣ ርቦን ስንበላ፣ መልእክተኛው ይላካል። መልእክቱን አድርሶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ኮኬይን የመመለሻውን በር ይዘጋል። መልእክተኛው ደጃፍ ቆሞ ደጋግሞ ያንኳኳል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ብርቱም አዋቂም የሆነ ይመስለዋል። ብዙ አይቆይም። ሲለቀው ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ይሆናል። ያን ባዶነት ለመሙላት እንደገና ይወስዳል። ሱስ የሚባለው ይኸው ነው። በዚያ ላይ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብ ይቸኩላል። ጤነኛ ጎረምሳ እንኳ በድንገት ልቡ ቆማ ሊሞት ይችላል።

በመጀመሪያ ይህን ሁሉ ያወቀ አልነበረም። እንዲያውም ዱቄቱ ደህና ሥራ ሠርቷል። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ክፉውን ብቻ ብነግራችሁ ግማሹን ደበቅኩ ማለት ነው። በ1884 ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም ኮኬይን በውኃ በጥብጦ ዓይን ላይ ሲጨምሩት ዓይን እንደሚደነዝዝ አገኘ። መጀመሪያ በእንቁራሪት ዓይን፣ በኋላም በገዛ ዓይኑ ሞከረው። ከዚያ በፊት የዓይን ሕመምተኛ ዓይኑ በቢላ ሲቀደድ ሕመሙን እየሰማ ነበር። ዛሬ ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ይባላል። መጨረሻው ላይ «ኬይን» የሚለውን አያችሁ? ከኮኬይን የተወረሰ ነው። ማደንዘዣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሱስ አያሲዝም። ስለዚህ ጥርሳችሁን ሲያማችሁ በስሙ እንዳትፈሩ።

በዚያው በ1884፣ በዚያው በቪየና፣ ሲግመንድ ፍሮይድ የተባለ ወጣት ሐኪም ኮኬይንን የሚያወድስ ጽሑፍ አሳተመ። በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስሙ ዓለምን የሞላው ሰው ነው። ፍሮይድ አንድ የሚወደው ጓደኛ ነበረው። ኤርንስት ፎን ፍላይሽል ይባላል። እሱም የሳይንስ ሰው ነው። አውራ ጣቱ ተቆርጦ ስለነበረ፣ ለሥቃዩ ማስታገሻ በሚወስደው ሞርፊን ሱስ ተይዞ ነበር። ፍሮይድ ሱሱን ላድንልህ ብሎ ኮኬይን ሰጠው። ጓደኛው ከሞርፊኑም ሳይላቀቅ የኮኬይን ሱስ ተጨመረበት። በ1891 ሞተ። አሜሪካን አገርም ዊሊያም ሆልስቴድ የተባለ ታላቅ ቀዶ ሐኪም ማደንዘዣውን በራሱ ላይ እየወጋ ሲሞክር በሱስ ተያዘ። ሊያድኑት ሞርፊን ሰጡት። ሞርፊኑም ዕድሜ ልኩን ተከተለው።

ይህን የምነግራችሁ ለምንድነው? «የተማረ ሰው አይሳሳትም» የሚሉ አሉ። በክፍሌም ውስጥ ሲሉ እሰማለሁ። እነዚህ ሰዎች ከተማሩትም የተማሩ ነበሩ።

ሐኪም ካመሰገነ ነጋዴ ዝም አይልም። ነጋዴማ ከሐኪሙም ቀድሞ ነበር። ከ1863 ጀምሮ አንጀሎ ማሪያኒ የተባለ ሰው በፓሪስ የኮካ ቅጠል በወይን ጠጅ ዘፍዝፎ ይሸጥ ነበር። የሮማው ጳጳስ ሊዮ 13ኛ ጠጁን ወደውት ለሰውየው ሜዳልያ ሸለሙት። ማሪያኒም የጳጳሱን ሥዕል ማስታወቂያው ላይ አወጣው። በ1886 ደግሞ በአሜሪካን አገር በአትላንታ ከተማ ጆን ፔምበርተን የተባለ መድኃኒት ቀማሚ አንድ መጠጥ ሠራ። ሰውየው በጦርነት ቆስሎ የሞርፊን ሱስ የያዘው ነበር። መጠጡ ዛሬ በየሱቁ የምታዩት ኮካ ኮላ ነው። «ኮካ» የሚለው ስሙ ከዚያ ቅጠል የመጣ ነው። ሃያኛው መቶ ዓመት እንደገባ ኮኬይኑ ከመጠጡ እንዲወጣ ተደርጓል። ስለዚህ የዛሬውን የሚጠጣ አይጨነቅ። ጥርሱን ግን ያስብ።

ለጥርስ ሕመም የሚሸጥ ጠብታም ነበር። የአንዱን ማስታወቂያ ሥዕል አይቻለሁ። በ1885 የታተመ ነው። ሁለት ሕፃናት እየተጫወቱ ይታያሉ። ከላይ በትልቁ «ኮኬይን» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው 15 ሳንቲም ነው። ስሙ በትልቁ የተጻፈው ሰው እንዲፈራው አይደለም። እንዲገዛው ነው።

በሌሎች መድኃኒቶች ላይ ግን ምንም አይጻፍም ነበር። እናት ለልጇ ሳል መድኃኒት ትገዛለች። ጠርሙሱ ውስጥ ኮኬይን ይኑር፣ ሞርፊን ይኑር አታውቅም። ማንበብ ብትችልም አልተጻፈም። በ1906 የአሜሪካን መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። መድኃኒት ሻጭ ሁሉ ኮኬይን፣ ሞርፊን፣ ኦፒየምና አልኮል ካለበት፣ መኖሩንና መጠኑን በጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ አዘዘ። ሕጉ ኮኬይንን አልከለከለም። አስጻፈ ብቻ። እኔ ፊደል አስተማሪ በመሆኔ ይሆናል ይህን ሕግ የምወደው። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ጠርሙሱን አገላብጣ አይታ መልሳ መደርደሪያው ላይ ልታስቀምጠው ቻለች።

የቀጣዩ ሕግ አወጣጥ ግን እንደዚህ ያማረ አልነበረም። በ1914 አሜሪካን አገር ጥቁሮችን ከኮኬይን ጋር አያይዞ የሚያስፈራራ ወሬ ተናፈሰ። በዚያ ዓመት በታላቅ ጋዜጣ ላይ አንድ ሐኪም፣ ኮኬይን የወሰደ ጥቁር በጥይት ቢመታም አይወድቅም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሐሰት ነው። ሰው ሆኖ ጥይት የማይጥለው የለም። በዓመቱ መጨረሻ ኮኬይንን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ ታወጀ። ሕጉ ባስፈለገ ነበር። የተሸጠው ግን በፍርሃትና በጥላቻ ነበር። ይህ ልማድ በኋላም ተመልሶ መጥቷል፣ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የኮኬይን ነገር ቀዘቀዘ። በ1970ዎቹ በሀብታሞች ግብዣ ላይ እንደገና ብቅ አለ። ገዢው አሜሪካን አገርና አውሮፓ ነው። ሻጩ በተለይ ኮሎምቢያ ላይ ነገሠ። ሜደሊን በምትባል ከተማ ፓብሎ ኤስኮባር የሚባል ሰው የገንዘብና የጦር መሣሪያ ጌታ ሆነ። ለዳኛው፣ ለፖሊሱ፣ ለሹሙ ምርጫ ይቀርብለታል፦ ብር ወይስ እርሳስ? ብር ማለት ጉቦ ነው። እርሳስ ማለት ጥይት ነው።

እምቢ ያሉ ሰዎች ነበሩ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮድሪጎ ላራ ቦኒያ እምቢ አሉ፤ በሚያዝያ 1984 መኪናቸው ውስጥ ተገደሉ። የጋዜጣ አዘጋጁ ጊየርሞ ካኖ ስለ ዕፅ ነጋዴዎቹ መጻፍ አላቆሙም፤ በታኅሣሥ 1986 ከቢሯቸው ሲወጡ ተገደሉ። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሉዊስ ካርሎስ ጋላን በነሐሴ 1989 በሕዝብ ፊት ተገደሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን በሰማይ ላይ በቦንብ ጋየ። 107 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ፤ መሬት ላይም ሦስት ሰው ሞተ። ሊገድሉት የፈለጉት አንድ ሰው ነበር። እሱም አልተሳፈረም ነበር። ኤስኮባር ራሱ በታኅሣሥ 1993 በፖሊስ ተገደለ። ንግዱ ግን ከሱ ጋር አልተቀበረም።

ዱቄቱ ሲደርስ አሜሪካን አገር ምን ሆነ? በ1980ዎቹ ዱቄቱን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር እያፈሉ ጠጠር አደረጉት። ክራክ ይባላል። በጢስ ይሳባል። ከሴኮንዶች በኋላ አእምሮ ይደርሳል፣ በደቂቃዎች ይለቃል። አንዱ ጠጠር በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ የሀብታሙ ዱቄት ወደ ድሃው ሰፈር ወረደ።

በሰኔ 1986 ሌን ባያስ የተባለ የ22 ዓመት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለታላቅ ቡድን በተመረጠ በሁለተኛው ቀን ሞተ። የገደለው ዱቄቱ ነው። አገሩ ደነገጠ። በጥቅምት አዲስ ሕግ ወጣ። 500 ግራም ዱቄት የያዘ ሻጭ ቢያንስ አምስት ዓመት ይታሠራል። ክራክ ከሆነ ግን 5 ግራም በቂ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፤ አንዱ ፈልቶ አንዱ አልፈላም። በክራክ ከተፈረደባቸው ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ስንት ሕፃን አባቱን በእስር ቤት መስኮት እያየ አደገ! ሕጉ የተሻሻለው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ነው። ያኔም 5 ግራሙ 28 ሆነ እንጂ ከዱቄቱ ጋር እኩል አልሆነም።

ቅጠሉን የሚያመርተው ገበሬስ? ወደ ቦሊቪያ ልመልሳችሁ። በ1985 የቆርቆሮ ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። የመንግሥት ማዕድን ማውጫዎች ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞችን አሰናበቱ። ጉንጫቸውን በኮካ ሞልተው ሲቆፍሩ ከኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ ቻፓሬ ወደሚባለው ቆላ ወርደው ኮካ ተከሉ። ምን ያድርጉ? ብርቱካን ቢተክሉ መንገድ የለም፣ ገበያ ሳይደርስ ይበሰብሳል። ኮካ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ ይለቀማል፤ ገዢው እደጁ ድረስ ይመጣል። ቅጠሉን በጋዝና በአሲድ በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ በእግራቸው የሚረግጡ ወጣቶችም ነበሩ። እግራቸው ይቆስላል። ሕመሙን እንዲያስረሳቸው ከዚያው ከሚሠሩት ነገር ያጨሳሉ። ከፖቶሲው ቆፋሪ ጋር አመሳስሏቸው።

ቦሊቪያውያን ግን ቅጠላችንና ዱቄታችሁ አንድ አይደለም ብለው ተከራከሩ። በ2013 በዓለም አቀፉ የዕፅ ስምምነት ውስጥ ቅጠሉን በአገራቸው ለማኘክ መብታቸውን አስመዘገቡ።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። ኮካ በኢትዮጵያ አይመረትም። ይሁንና መንገዱ በእኛም በኩል ያልፋል። ከ2013 ጀምሮ አዲስ አበባን ከብራዚሏ ከሳኦ ፓውሎ ከተማ ጋር የሚያገናኝ በረራ አለ። ለነጋዴና ለመንገደኛ ትልቅ ነገር ነው። ዕፅ አዘዋዋሪዎችም ግን ያንኑ መንገድ ይጠቀሙበታል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኮኬይን በሻንጣና በሆዳቸው ይዘው የተያዙ የብዙ አገር ሰዎች አሉ። በሆዳቸው ያልኩት እውነት ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ይዋጣል። አንዱ ጥቅል ሆድ ውስጥ ቢፈነዳ ሰውየው ይሞታል።

እንደዚህ የሚሸከሙትን ሰዎች በእስፓኝ ቋንቋ «ሙላ» ይሏቸዋል። በቅሎ ማለት ነው። በቅሎ የጫኑባትን አታውቅም። ጌታዋ ከኋላ ነው፤ ገደል ብትገባ የምትሞተው እሷ ናት። አንዳንዱ የሚሸከመውን እያወቀ፣ በዕዳ ወይም በችግር ተይዞ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ከነአካቴው አያውቅም። «ይህችን ሻንጣ ለወንድሜ አድርስልኝ፤ ልብስና በርበሬ ነው» ይባላል። ያገር ልጅ ነው፣ እንዴት እምቢ ይባላል?

የኒያ እናት የእኅት ልጅም ያደረገው ይህንን ነው። በደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ሰውየው በአማርኛ አናገረኝ፣ ወንድሜ አለኝ፣ ሻንጣዋን ከፍቼ አላየሁም። ፖሊሶቹ የሻንጣዋን ታች ቀደው ዱቄቱን አወጡ። ሰውየው የሰጠው ስልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያነሣም። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሻንጣው በማን እጅ ነበር?

የእኛም ሕግ ጥብቅ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል። ብዙ ሴቶችና ወንዶች ልጆቻችን ለሥራ በሚሄዱባት በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ዕፅ ማስገባት በሞት ሊያስቀጣ ይችላል። የአደራ ዕቃ የሚቀበል ሰው በሰጪው ፊት ከፍቶ፣ እጁን ከታች እስከ ላይ አስገብቶ ይይ። ሰጪው ከተቆጣ ዕቃውን ይመልስለት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚፈረም ወረቀትም አለ። «ሻንጣውን ያሰናዳኸው ራስህ ነህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ካለበት አንብቡት። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ጠያቂው ቢቸኩል ይቸኩል።

ይህን ሁሉ ለኒያ እናት በሁለት ማታ አወራኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። በመጨረሻ «እንግዲያው ልጁ ሌባ አይደለም» አሉ። አይደለም አልኳቸው። መልሱን ልጻፍልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ራሳቸው ጻፉት። ሦስት ማታ ፈጀባቸው። አንዴ ብቻ ቀና ብለው «ሻንጣ ሲጻፍ በየትኛው ጣ ነው? በጣና ጣ ነው ወይስ በታላቅ ታ?» ብለው ጠየቁኝ። በጣና ጣ ነው አልኳቸው። ጽፈው ጨርሰው፣ አጥፈው በፖስታው ውስጥ ከተቱት።

የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ በየማታ ክፍላችሁ ለአስተማሪዎቻችሁ አቅርቡ። ደኅና አምሹ።